የጳጉሜን ጥግ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ኪዳነ ወልድ፣

እንደምን ከርመዋል አባቴ? እግርዎስ እንዴት ሆነ? ባለጀልባው ገድሉ ጀልባውን ገና ሳያስር «አባ ተቀይመዋል፤ ምራቴ ለምን ዝም አለች ብለዋል» አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። እርስዎ ሲመነኩሱ ስልኩንም ከዓለም ጋር ትተውታል፤ እኔ ደግሞ ሴት ነኝና ደሴታችሁን አልረግጥም። ከወረቀት በቀር ምን አለን? ወረቀት ላይ «ልጅዎ አልመጣም» ብሎ መጻፍ ደግሞ እጅ ያስራል።

አልመጣም። ነሐሴ 12 ለቅየሳ ሥራ እንደወጣ ነው። እኔም የማውቀው ሾፌሩ የነገረኝን ብቻ ነው። ሐሙሲት ላይ ቆሙ፤ ኪሩቤል ሻይ ልጠጣ ብሎ ወረደ፤ ተኩስ ተሰማ፤ ሰው ተበተነ፤ ሾፌሩም መኪናውን አስነሥቶ ሸሸ። ሲመለስ ኪሩቤል የለም። ይኸው ሁለት ወር ሆነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ እህል እቀምሳለሁ። አዎ፣ ሥራም እገባለሁ፤ ኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ቁጭ ብዬ የተማሪ ውጤት እመዘግባለሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ሳምንት ከረመችና «ቤቱን ዘግተሽ ከእኔ ጋር ነይ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ዘግቼ ብሄድ ሲመጣ ማን ይከፍትለታል?

የጻፍኩት አንድ ነገር ልለምንዎት ነው፤ አይሳቁብኝ። ኪሩቤል ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ግቢውን ሳያይ እንደማይገባ ያውቃሉ፤ ከእርስዎ የወረሰው አመል ነው። በሄደ ጠዋትም ዞር ብሎ አየና «ይቺ ግቢ ክረምት ሲወጣ የእስር ቤት ግቢ ትመስላለች፤ አንድ ነገር እናድርጋት» ብሎኝ ወጣ። እናም ላደርጋት ነው። በየትኛው ወር እንደሚመጣ አላውቅም። ስለዚህ በየትኛውም ወር ቢመጣ አበባ ያላት ግቢ እንድትቀበለው እፈልጋለሁ። ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። አንዱ ዐምድ ወሩ፣ ሁለተኛው የሚተከለው፣ የመጨረሻው «ቢመጣ ምን ያያል» ይላል። የመጨረሻው ባዶ ነው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ነበሩ፤ ይሙሉልኝ።

መስቀልዎን ተሳልሜያለሁ።
ወንጌላዊት


ከደሴቱ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለወንጌላዊት፣

የአምላክ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እግሬን ተዪው፤ እሱ ከእኔ ቀድሞ መንኗል፣ መሄድ ትቷል።

ሠንጠረዥሽን ዐየሁት። ሳቅሁ፤ አትሳቅ ብትዪኝም ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነውና እግዜር ይስጥሽ። አንቺ የተማርሽ ሴት፣ ዐሥራ ሁለት ረድፍ ሠርተሽ ላክሽልኝ። ጳጉሜንስ? አይ ደመወዝተኛ! መንግሥት ያልከፈለበትን ወር ወር አይለውም። እኔም ሠላሳ ዓመት ደመወዝ በልቻለሁና አልፈርድብሽም፤ በጳጉሜን ቆፍረን በጳጉሜን አንከፈልም ነበር። ነገር ግን ኪሩቤል በጳጉሜን ቢመጣስ? አምስቱን ቀን ደጅ ቁም ልትዪው ነው? ዐሥራ ሦስተኛ ረድፍ ጨምሪ። ለሱ የሚሆነውን አሁን አልነግርሽም፤ ጊዜው ሲደርስ።

አሁን ስሚኝ። ሞኝ አትክልተኛ ገበያ ሄዶ ያበበውን ሁሉ ይገዛል፤ ግቢው በጥቅምት ሠርግ ይመስላል፣ በጥር ለቅሶ ቤት። አዋቂ አስቀድሞ ባዶ የሚሆነውን ወር ይፈልግና ከዚያ ይጀምራል። አጥሩን ኮሽም አድርጊው፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ፍየልም ሌባም አይደፍረውም። ከበሩ በላይ ቡገንቪሊያ አውጪ፤ ጥርና የካቲት የሷ ናቸው። ውሃ አታብዢባት። ስትጠግብ ቅጠል ብቻ ትሆናለች፤ የምታብበው ሲጠማት ነው። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት፣ ባልዲ ተሸክሜ በከንቱ ከደከምሁት ነው። ጽጌረዳዋን መጋቢት መግቢያ ላይ ሳትራሪ ከርክሚያት፤ ለግንቦት ትደርስልሻለች። የጎረቤትሽ የፅጌ ማርያም ጃካራንዳ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ በአጥርሽ ላይ ይረግፋል። አትጥረጊው፤ የተዋሱትም አበባ አበባ ነው። በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ሁለት እግር ቡና ትከዪ። ለሰኔ ካና፣ ሐምሌና ነሐሴ እንሶስላ። ጨለማ ወር ነው፤ እንሶስላ ግን ጥላና ጭቃ ይወድዳል።

ኪሩቤል ሲመጣ የተሳሳትሁትን ይነግረኛል። ዐይኑ ክፉ ነው፤ ጠማማ መደብ አያልፍም።

አባትሽ ኪዳነ ወልድ


ባሕር ዳር
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ሐሙሲት ሄደሽ ነበር ወይ ብለው በገድሉ ለላኩብኝ፣ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ፎቶውን ይዤ ሻይ ቤቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዷ ሻይ ሻጭ አስታወሰችው። «ስኳር ጨምሪልኝ ብሎ የሳቀው?» አለችኝ። እሱ ነው፤ ከኪሩቤል በቀር በዚያ ስኳር ላይ የሚያስጨምር የለም። ሻዩን ሳይጨርስ ነው ሰው የተበተነው። ከዚያ ወዲያ አላየችውም። ጣቢያም ሄጄ አስመዘገብኩ፤ እስረኛ ውስጥ የለም አሉኝ። ስሰናበታት ሴትዮዋ እጄን ይዛ «እህቴ፣ በዙሪያው ያሉትን ቤተ ክርስቲያኖችም ጠይቂ» አለችኝ። ሰደብኳት አባቴ። ሟርተኛ አልኳት። ቤተ ክርስቲያን የሚጠየቀው ለሞተ ሰው ነው። ጣቢያ የጠየቅኩት ላለ ሰው ነው፣ ሻይ ቤት የጠየቅኩት ላለ ሰው ነው። አልጠይቅም።

ግቢው እየተቆፈረ ነው። ከቢሮ መልስ ቀሚሴን ሰብስቤ እቆፍራለሁ፤ እትዬ ፅጌ ማርያም በአጥር አይተው «ባል ያጣች ሴት ሀብት የምትቀብር ትመስላለች» ብለው ይተርቡኛል፣ ከዚያ ደግሞ ዶማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሐይቁ ከፊታችን ተንጣልሎ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ታኅሣሥ ባዶ ሆነብኝ። እሱ ደግሞ ዛሬም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ወርጄ ከእንቦጩ ሦስት እግር አምጥቼ በገንዳ ውሃ ላይ አስቀመጥኩ። አይደርቅም፣ ኩትኳቶ አይሻም፣ ሐምራዊ አበባው ደግሞ እንዴት እንደሚያምር! ሠንጠረዡ ላይ ታኅሣሥ ፊት ለፊት «እንቦጭ» ብዬ ጽፌያለሁ።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ከደሴቱ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንጌላዊት፣

ኧረ በስመ ሥላሴ! እንቦጭ? አበደች ልበል ወይስ ተማረች ልበል? እኛ እዚህ ሽማግሌ መነኮሳት እስከ ወገባችን ውሃ ገብተን እየነቀልን ጀርባችን ጎብጧል። ገድሉን ጠይቂው፣ ሞተሩ ላይ ስንት ጊዜ ተጠምጥሞ መሐል ሐይቅ ላይ አስቀርቶታል። ዓሣው አልቋል። አንቺ ደግሞ ሐይቁን ሊገድል የመጣውን ጠላት ቤትሽ አስገብተሽ፣ ከቧንቧ በወረፋ የቀዳሽውን ውሃ ታጠጪዋለሽ! ይህች ደብዳቤ በደረሰችሽ ቀን አውጪው። ወደ ውሃ እንዳትመልሺው፤ ፀሐይ ላይ አድርቀሽ አቃጥዪው። ኪሩቤል ሲመጣ «አባቴ ያስተማረሽ ይህን ነው?» ብሎ ይስቅብኛል።

ተቆጣሁ። ይቅር በይኝ። ለምን እንዳመጣሽው ዐውቄያለሁ፤ የማይደርቅ ነገር ፈልገሽ ነው። የማይደርቅ ሁሉ ደግ አይደለም ልጄ። ታኅሣሥ ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን። አንድ ጥሩ ድንጋይ አጥበሽ አስቀምጪና እግሩ ሥር እሬት ትከዪ፤ ባዶ ቦታም ሲጸዳ ያምራል።

ስለ ሻይ ሻጯ፣ ደግ አደረግሽ። በሕይወት ያለ ሰው በመቃብር ቦታ አይፈለግም። አትጠይቂ።

አባትሽ


ባሕር ዳር
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

እንቦጩን አቃጥያለሁ። እርጥብ ስለነበረ ሦስት ቀን አልነድ ብሎኝ አለቀስኩበት፣ እትዬ ፅጌ ማርያም ደግሞ ሳቁብኝ።

ስለ ቢሮው ላሉኝ፣ እውነት ነው። የኪሩቤልን ጠረጴዛ ለሌላ ቀያሽ ሰጡት። ዕቃውን በካርቶን አድርገው ላኩልኝ። ካርታ፣ ሁለት እርሳስ፣ ከበረሃ ያመጣው ድንጋይ አለበት። ድንጋዩን አጥቤ እርስዎ ያሉኝ ቦታ አስቀመጥኩት። አሁን ታኅሣሥ ባዶ አይደለም።

ቡገንቪሊያዋ አብባለች። ባሉኝ መሠረት አስጠማኋት፤ ቅጠሏ ረግፎ የሞተች መስሎኝ ነበር፣ አንድ ቀን ጠዋት ከበሩ በላይ ቀይ ሆና አገኘኋት። በሩ ላይ ቆሜ እንደሱ ሆኜ አየኋት። ከዚያ ወደ ቤት ገብቼ ተደፋሁ፤ እስከ ማታ አልተነሣሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ያማረ ነገር ሲሆን ይብሳል አባቴ። ያላማረውን ብቻዬን እችለዋለሁ።

ሰው ጥቁር ልበሺ ይለኛል። ቢሮ ያሉት ሴቶች ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አልለብስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉሬን እሠራለሁ። ነጩን ቀሚስ ተኩሼ በሩ ጀርባ ሰቅያለሁ። ጽጌረዳዋን ዛሬ ሳልራራ ከረከምኳት። ለግንቦት ትደርሳለች ብለውኛል፣ አምናለሁ።

ወንጌላዊት


ከደሴቱ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

ሁለት ደብዳቤሽ ሳይመለስ ቀረ። አሞኝ ነበር። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ይመስል ቃል አጥሮኝ ከረምሁ፤ ይቅር በይኝ።

ጽጌረዳዋ እንደደረሰች ገድሉ ነግሮኛል። ደስ ይበልሽ። ያበበውን አናቱን ቁረጪ፣ ሌላ ታወጣለች።

በገድሉ እጅ አንዲት የጥድ ችግኝ ልኬልሻለሁ። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር በቅላ ያገኘኋት ናት፤ ከአፈሯ ጋር በጣሳ አድርጌያታለሁ። መሬት ላይ አትትከያት። በጣሳዋ ትቆይ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጫትና እየጠበቅሽ አጠጫት። የሚሆናትን ቦታ በኋላ እነግርሻለሁ።

እህል ብዪ። ብቻሽን አትዋዪ፤ እናትሽን አስመጪ።

ኪዳነ ወልድ


ባሕር ዳር
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

እንደምን አሉ? ሕመምዎ ምንድን ነው? ገድሉን ብጠይቀው ውሃ ውሃውን ያያል።

ይቅርታ ያድርጉልኝና ልቆጣ ነው። ጥድ ምን ይሠራልኛል? አበባ የለውም። ሠንጠረዤ ላይ የትኛው ወር ውስጥ ልጻፈው? ጥድ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ነው፣ የመቃብር ዛፍ ነው። እናቴ ገና ከበር ስትገባ አየችውና አማተበች። እርስዎ የላኩት ባይሆን አውጥቼ እጥለው ነበር። በጣሳው አለ፤ አጠጣዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ እህል ጠየቁኝ፣ ስለ ጽጌረዳ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጻፉልኝ። ስለ ኪሩቤል አንድ ቃል የለም። ድሮ «ሲመጣ» ሳይሉ ደብዳቤ አይዘጉም ነበር። ተስፋ ቆረጡ እንዴ? እርስዎ ከቆረጡማ እኔ ማንን ይዤ ልቁም?

እንሶስላው ወጥቷል። ሥሩን እየቆፈርኩ አላጠፋውም፣ ሲመጣ ግን ተቀጥቅጦ እጄንም እግሬንም እሞቀዋለሁ፤ እንደ ሙሽራ። ይህን ለአማት መጻፍ ያሳፍራል። ለማን ልጻፈው?

ወንጌላዊት


ከደሴቱ
ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

አልተቆጣሁብሽም፤ ብትቆጪኝ እውነት አለሽ።

የጳጉሜንን ነገር ልንገርሽ፤ ጊዜው ደርሷል። ለጳጉሜን የሚሆነው አደይ ነው። አደይ ግን አይተከልም። ዘር ብትዘሪ ይኮራል። አደይ የሚወጣው ሰው ካልነካው መሬት ነው። ከበሩ በስተግራ፣ ከኮሽሙ ሥር ያለውን ጥግ እስካሁን አልቆፈርሽው ከሆነ እንዳትቆፍሪው። አረሙንም አትንቀይ። ዶማ አታሳዪው። ሌላውን ሁሉ ለፍተሽ ሠራሽው፤ ያን ጥግ ተዪው። ራሱ ይመጣል።

ስለ ኪሩቤል ያልጻፍሁት ረስቼው አይደለም። አባት ልጁን አይረሳም። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ኪዳነ ወልድ


ባሕር ዳር
ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአባ ኪዳነ ወልድ፣

ደስ የሚል ደብዳቤ ልጽፍልዎት ነው፤ ዘንድሮ አንድ እንኳ አልጻፍኩም።

ጥጉ አቆጥቁጧል! አልቆፈርኩትም፣ አልነካሁትም። ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ብወጣ ኮሽሙ ሥር እንደ ሽምብራ ያለ እምቡጥ ሞልቶታል። አንዷ ቢጫዋን ጫፍ አሳይታለች። ሠንጠረዡ ሞላ አባቴ። ዐሥራ ሦስቱም ረድፍ።

አሁን ደግሞ ልብ ብለው ያንብቡኝ። ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ወር ጠበቅኩት። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ጥር፣ አንድ በአንድ በሩ ላይ ቆሜ አሳለፍኳቸው። ያልተሞከረ ጳጉሜን ብቻ ነው። አምና በጳጉሜን ድንጋጤ ላይ ነበርኩና አልቆጥረውም። «በጳጉሜን ቢመጣስ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ አሁን መነኩሴ ዝም ብሎ አይናገርም እላለሁ። ማንም በማይቆጥረው ወር ነው የሚመጣው። ከቢሮ የአምስት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ሸሚዞቹን አጥቤያለሁ። እናቴ «ልጄ፣ እንዲህ አትሁኚ» ትለኛለች፤ ታልቅስ። እኔ አምስቱንም ቀን ነጩን ቀሚስ ለብሼ በሩ ላይ ነኝ።

ይጸልዩልኝ። በተለይ በሩፋኤል ቀን።

ልጅዎ ወንጌላዊት


ከደሴቱ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

ይህን ወረቀት ገድሉ የሚሰጥሽ ሽማግሌዎቹ ማልደው መጥተው ከተናገሩ በኋላ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ስለዚህ ይህ መርዶ አይደለም፤ ኑዛዜዬ ነው።

ለግንቦት ልደታ ከሐሙሲት ወዲያ ካለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ ወደ እኛ መጣ። የደሴት መነኮሳት ሥራ መስሎት ከኪሱ የአንገት መስቀል አውጥቶ «ይህን የጠረበ ከእናንተ ማን ነው?» አለ። አምና ነሐሴ 13 ገበሬዎች እርሻ ዳር የወደቀ ሰው አገኙ፤ ጥይት መትቶታል። ከማን ወገን እንደተተኮሰ ያየ የለም። ስሙን የሚያውቅ ታጣ፤ በአንገቱ ባለው መስቀል ክርስቲያን መሆኑን ዐውቀው በክብር ቀበሩት። መስቀሉን ተቀበልሁት። ሌላ ሰው ጠርቦት ይሆናል ብዬ ጀርባውን ገለበጥሁት። ቢላዬ አምልጦኝ የጫርሁት ጭረት አለ። ኪሩቤል ዐሥር ዓመት ሲሞላው ከዘጌ ቡና እንጨት የጠረብሁለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐውቃለሁ። አራት ወር። ስሙን በቅዳሴ ከሙታን ጋር አስጠራሁ፤ ላንቺ ግን ጽጌረዳ ቁረጪ፣ ጥግ ተዪ እያልሁ ጻፍሁ።

ለምን አትዪኝ። ሴት ነሽና እዚህ አትመጪም፤ እግሬ ሞቷልና እኔ አልወጣም ብዬ ራሴን አታለልሁ። ሽማግሌ መላክ የዚያን ጊዜም እችል ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ፈራሁ። መነኩሴ ስንሆን ፍትሐት ተፈትቶልን፣ ለዓለም ሞተናል እንላለን፤ ልጅ ሲሞት ግን ውሸታችንን ነው። እዚህ ሁሉም «ነፍሱን ይማር» ይላል። በዓለም ላይ ኪሩቤልን የሚጠብቀው አንድ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺ ስትጠብቂው ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። አንቺንም እንደ እሳት ዳር ሰው ሞቅሁሽ። ልጄን ላለመቅበር አንቺን ቀበርሁ።

ነሐሴ የጻፍሽው ሲደርሰኝ ወደቅሁ። ቀልዴን ተስፋ አድርገሽ ነጭ ለብሰሽ በር ላይ ልትቆሚ! ከዚህ በላይ ኃጢአት አልችልም። በታኅሣሥም ቤተ ክርስቲያን አትጠይቂ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ጠይቀሽ ቢሆን ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር።

መስቀሉን ገድሉ ይሰጥሻል። መቃብሩ ላይ አንድ ዛፍ የለም ብሎኛል ቄሱ። ጥዷ ለዚያ ናት።

ይቅር በይኝ አልልም። ካልሽኝ ግን ሳልሞት ልስማው።

ኪዳነ ወልድ


ባሕር ዳር
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባ ኪዳነ ወልድ፣

እንዴት እንደሆነ ገድሉ ነግሬያቸዋለሁ ቢልም ከእኔ ይስሙት።

በሩፋኤል ቀን ዝናብ ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ ሲጠመቁ እኔም ወጥቼ ነጩን ቀሚስ ለብሼ ቆምኩበት። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ በዓመቱ አላየሁም። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ኪሩቤል መሰለኝ። በባዶ እግሬ ሮጬ ከፈትኩ። ስድስት ሽማግሌ በጋቢያቸው እንደተጠቀለሉ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ገድሉ። ሳቅኩላቸው አባቴ። ለጠላትም አይስጥ፣ በሩን ከፍቼ ሳቅኩላቸው። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን ለሐዘን ሲያደገድግ አየሁ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ ገቡ። ግቢውን አዩና ተቸገሩ። ዓመት ሙሉ የቆፈርኩት አፈር ለስልሶ ዝናቡን ጠጥቷል፤ ካስማ አልይዝ አለ። ከመኝታ ቤቱ ጎን ሞከሩ፣ ወደቀ። ከካናው አጠገብ ሞከሩ፣ ወደቀ። ጠንካራ መሬት የተገኘው ያልቆፈርኩት ጥግ ላይ ብቻ ነው። ዋናውን ምሰሶ እዚያ ተከሉት። አደዩ የሚያብበው ገና ነበር። ሰባት ቀን ሰው ረገጠው። እኔ ምሰሶው ሥር ተቀምጬ አደዩ ስንጥቅጥቅ ሲል እሰማ ነበር። ተዉ አላልኩም።

እትዬ ፅጌ ማርያም እንሶስላውን ነቅለው ጣሉት፤ በሐዘን ቤት አይታይም ብለው። ልክ ናቸው። ሠንጠረዡን እኔ ራሴ ቀደድኩት።

ሐሙሲት ሄድኩ። ቄሱ አሳዩኝ። ድንጋይ ከምረውበታል፤ ሌላ ምንም የለም። ከሻይ ቤቱ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። አራት ጊዜ ሄጄ በአጠገቡ ነው የተመለስኩት። ሻይ ሻጯን ፈልጌ እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ አቅፋ አስነሣችኝ።

ይቅርታ ጠየቁኝ። ዛሬ አልችልም። ባል የሞተባት ሴት ሰኔ ሙሉ፣ ሐምሌ ሙሉ ጸጉሯን ስትሠራ እያወቁ ዝም አሉ። ልጅዎን ስለወደዱ መሆኑ ይገባኛል፤ እኔም ወድጄው ነበር። እንቦጩን አውጥተሽ አቃጥዪ ያሉኝ ሰው፣ ስንት ወር ውሸት ያጠጡኝ እርስዎ ነዎት።

ጥዷን እወስዳታለሁ። በጣሳዋ ሆና አንድ ስንዝር ጨምራለች። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። መንገዱ እንዳሻው ስለሚዘጋ በየሳምንቱ መሄድ አልችልም። ቄሱም አርጅተዋል። የሚያጠጣት ሰው የለም። ጥድ ያለ ውሃ ስንት ወር ይቆያል? እሱን ብቻ ጽፈው ይላኩልኝ።

ወንጌላዊት